መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከልክ በላይ ስለሚያቀዘቅዝ የከብት ክትባት ማቀዝቀዣ

የአገር ሀብት በእርሻና በከብት መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር ባዶ እንጨት ናቸው። ስለዚህ ከብትን ከበሽታ የሚጠብቀው ክትባት እንደ ዘር እህል ተጠንቅቆ ሊቀመጥ ይገባል። ክትባት በሙቀት እንደሚበላሽ ብዙ ሰው ያውቃል፤ በብርድም እንደሚበላሽ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ጥፋት ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ በተመለሰ ጊዜ ማቀዝቀዣው ከልክ አልፎ ሲያቀዘቅዝ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ የወረዳው ሹምና የከብት ክሊኒኩ ኃላፊም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያስረዳል።

ክፍል 1። ነገሩ ስለ ምን ያሳስባል

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ባጠቃ ጊዜ ከቀንድ ከብቱ አብዛኛው አለቀ። በሬ በመጥፋቱ መሬቱ ጦም አደረ፤ ታላቅ ረኃብም ሆነ፤ ያም ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ባለ ከብቱ ዐይኑ እያየ መንጋው ሲያልቅ የሚያደርገው አልነበረውም፤ ለዚህ በሽታ የሚሆን ክትባት ገና አልተገኘምና።

ከዚያ ወዲህ በኬንያ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር መልካም ክትባት አወጣ። ይህም ክትባት ቅዝቃዜ የሚሻ ስለ ነበረ ወደ ቆላ አገር ለማድረስ ብዙ ድካም ነበረበት። ኋላም ሙቀትን የሚታገሥ ዓይነት ተዘጋጅቶ በአፋር ምድር ሳይቀር ከአርብቶ አደሩ ዘንድ ደረሰ፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ክትባት የሚያድነው በጎ ሆኖ በመሠራቱ ብቻ ሳይሆን ከተሠራበት ቦታ ተነሥቶ ከበሬው አንገት እስኪደርስ በጎነቱ ሳይጓደል ሲጠበቅ መሆኑን ነው።

ዛሬ ለአባ ጎርባ፥ ለጎሮርሳ፥ ለአፍተ ግር፥ ለሳንባ በሽታና ለሌላውም ደዌ ከሚሰጡት ክትባቶች ብዙዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ በወረዳው ክሊኒክ ጥግ የቆመችው ነጭ ሣጥን የወረዳው በሬ ሁሉ ጋሻ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ክፍል 2። ብርድ ክትባትን እንዴት ያጠፋዋል

ክትባት በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን በብርድ ደርቆ እንደ ዱቄት ወይም እንደ ደረቅ አረፋ ሆኖ በጠርሙስ የሚመጣ ነው፤ የፈንግልና የበግና የፍየል ደስታ ክትባት ከዚህ ወገን ይገኛሉ። ይህ ወገን በረዶ ቢሆን ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ማሟሚያ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው ወገን ጀርሙ ተገድሎ በፈሳሽ የሚዘጋጅ ነው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ለክትባቱ ኃይል የሚጨምር የአሉሚኒየም ጨው ወይም ዘይት ይገባበታል። የአፍተ ግር ክትባት ከዚህ ወገን ነው። ፈሳሹ በረዶ በሆነ ጊዜ የጨው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይቋጠራሉ፤ ዘይቱም ከውሃው ይለያል። በረዶው ቢቀልጥ እንኳ ቅንጣቱ ወደ ቀድሞው ጠባዩ አይመለስም። እንቁላል ከተቀቀለ በኋላ ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ፥ በረዶ ሆኖ የቀለጠም ክትባት ወደ ጤናው አይመለስም።

ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የጠገመ ወተት በሽታው፥ የነቀዘ እህል በዱቄቱ ይታወቃል። በብርድ የሞተ ክትባት ግን መልኩም ጠረኑም ሳይለወጥ በጠርሙሱ ይቀመጣል። ሐኪሙም ይወጋዋል፥ ባለ ከብቱም አመስግኖ ይሄዳል። ጥፋቱ የሚገለጠው በሽታው በመጣ ጊዜ ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ወረዳ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ እንበል። ማታ ሲመለስ ዘበኛው ሣጥኑን ከፍቶ ሙቀት ያገኛል፤ ለመንግሥት ንብረት አስቦ መዘውሩን እስከ መጨረሻው ቁጥር ያዞረዋል። ቅዳሜና እሑድ የሚያየው የለም። ሰኞ ኃላፊው ሲመጣ ጠርሙሶቹን በረዶ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ቅጣት ፈርቶ ከፀሐይ አጠገብ ያቀልጣቸውና ዝም ይላል። በዚያ ሳምንት የአንድ ቀበሌ በሬ ሁሉ ይከተባል። ክረምት ሲገባ አባ ጎርባ ይነሣል፤ የተከተበውም ያልተከተበውም እኩል ይሞታል። ከዚህ በኋላ ገበሬው መርፌው አይረባም ብሎ ከብቱን ወደ ዱር ይሸሽጋል፤ ደህናው ክትባት በመጣም ጊዜ የሚቀርብ አይገኝም። እንግዲህ የጠፋው የክትባቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጠፋው የሕዝቡ እምነት ነው፤ እርሱም በገንዘብ አይገዛም።

ክፍል 3። ማቀዝቀዣው እንዴት ይሠራል

ማቀዝቀዣ ብርድን አይፈጥርም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ይጥላል። በጀርባው ከታች ያለው ሞተር ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም በኋላው ባለው ቀጭን ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ ሲሰፋ በጣም ይቀዘቅዛልና የሣጥኑን ሙቀት ይስባል።

ሞተሩ ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ሁሉን በረዶ ያደርጋል። ስለዚህ የሚያስነሣውና የሚያስቆመው መጣኝ ተሰጥቶታል፤ እርሱም ቴርሞስታት ይባላል። ጫፉ በሣጥኑ ውስጥ ብርዱን ይለካል፤ ብርዱ ከተወሰነው ሲደርስ ሁለቱ የብረት መገናኛዎች ይለያዩና ሞተሩ ያርፋል፤ ሙቀት ሲጨምር ይገናኙና ሞተሩ ይነሣል። ጤነኛ ማቀዝቀዣ እንደ ጤነኛ በሬ ነው፤ ይሠራል፥ ያርፋልም። ፈጽሞ የማያርፍ ማቀዝቀዣ ግን ታሟል ወይም ከዐቅሙ በላይ ታዟል።

በመዘውሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዲግሪ ቁጥር አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። 5 ማለት 5 ዲግሪ አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርዱ ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ሰው ብርዱን ለመቀነስ አስቦ ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ጥፋቱን ያብሰዋል።

ክፍል 4። መብራት ከተመለሰ በኋላ ብርዱ የሚበዛባቸው ምክንያቶች

1ኛ። የሰው እጅ። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ይህ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ሣጥኑ ይሞቃል፤ ሰውም ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ መዘውሩን ያዞራል። ነገር ግን ሞተሩ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ኃይል ነው፤ መዘውሩ ቢዞር ፈጥኖ አያቀዘቅዝም፤ የሚለወጠው የሚያርፍበት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ሞተር በያው ፍጥነት 5 ዲግሪ ይደርስና ሳያርፍ አልፎ ወደ በረዶ ይሄዳል።

2ኛ። የመገናኛዎቹ መጣበቅ። መብራት ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ኃይል ይዞ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ220 ቮልት እጅግ ዝቅ ብሎ ይመጣና ሞተሩ ለመነሣት እየታገለ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። በሁለቱም ጊዜ በመገናኛዎቹ መካከል ብልጭታ ይወጣና ብረቱ ቀልጦ ይጣበቃል። ከተጣበቀ በኋላ የሚለያየው ስለሌለ ሞተሩ ሌሊትና ቀን ይሠራል። በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዙት አዳዲስ ማቀዝቀዣዎችም ሪሌይ የተባለው ማብሪያ እንዲሁ ሊጣበቅ ይችላል።

3ኛ። የመለኪያው ጫፍ ከቦታው መውጣት። መብራት ጠፍቶ በረዶው ሲቀልጥ ሠራተኛው ውሃውን ይጠርጋል፤ በዚያን ጊዜ እጁ የቴርሞስታቱን ቀጭን ቱቦ ከተያዘበት ቦታ ያወጣዋል። ጫፉ ከቀዝቃዛው ብረት ስለ ራቀ ሣጥኑ ገና ሞቃት ነው ብሎ ሞተሩን ያሠራዋል።

4ኛ። ትእዛዙ መለወጥ። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ማቀዝቀዣ ኃይል ሲቋረጥ የተሰጠውን ትእዛዝ ረስቶ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ትእዛዝ ይመለሳል። ያም ትእዛዝ ለክትባት የሚስማማ ላይሆን ይችላል።

5ኛ። የእሳቱ መብዛት። መብራት በሚጠፋበት አገር በላምባ ወይም በቡታጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይገኛል። በላምባ በሚሠራው ብርዱ የሚመጠነው በእሳቱ ነበልባል ነው፤ ክሩ ከመጠን በላይ ከተመዘዘ ብርዱ ይበዛል።

ከነዚህ ሌላ የሌሊት ብርድ ይታሰባል። በደጋ አገር በቀትር ሙቀት የተስተካከለ መዘውር ለሌሊቱ ይበዛበታል። ስለዚህ ማስተካከያው መታየት ያለበት ጠዋት በማለዳ ነው።

ክፍል 5። በቅደም ተከተል ምን ይደረግ

አስቀድሞ፥ ክትባቱን ማዳን ነው፤ ሣጥኑን መመርመር ከዚያ በኋላ ይደረጋል። በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከ2 ዲግሪ በታች ካሳየ ክትባቱ ወደ መጓጓዣው የቅዝቃዜ ሣጥን ይዛወር። በውስጡ የሚደረገውም የበረዶ እሽግ እንደ ድንጋይ የጠጠረ አይሁን፤ ሲወዘወዝ ውሃው እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆይ፤ አለዚያ ከአንዱ በረዶ ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት ይሆናል።

ቀጥሎ መዘውሩ ይታይ። ከተለመደው ቦታ ተዛውሮ እንደ ሆነ ወደ ቦታው ይመለስና አንድ ቀን ሙሉ ይጠበቅ። በየሰዓቱ መዘውር የሚያዞር ሰው ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ ወዲያ ጆሮ ይሰጥ። ሞተሩ ያርፋልን? መዘውሩ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ወይም ወደ ማቆሚያው ሲመለስ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሞተሩ ዝም ካለ መገናኛው ደህና ነው። በማቆሚያው ላይ እያለ የሚሠራ ከሆነ ግን መገናኛው ተጣብቋል። በዚህ ጊዜ ሶኬቱ ይነቀልና ባለሙያ ይጠራ፤ ሌላ ሰው አይፍታው፤ በውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ አለና። በአንዳንዱም ማቀዝቀዣ ያለው ጋዝ እሳት የሚይዝ ነው።

አራተኛ፥ የመለኪያው ቱቦ በቦታው መሆኑ ይታይ። ቱቦው ተቀዶ በውስጡ ያለው ጋዝ ወጥቶ እንደ ሆነ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ብርዱ አይበዛም፤ ስለዚህ ብርድ በበዛበት ጊዜ የሚፈለገው የቱቦው መቀደድ ሳይሆን ከቦታው መውጣቱ ነው።

አምስተኛ፥ የበሩ ጎማ ይፈተን። ወረቀት በበሩና በሣጥኑ መካከል ተደርጎ በሩ ሲዘጋ ወረቀቱ ያለ ችግር የሚሳብ ከሆነ ጎማው አልገጠመም። እርጥብ አየር ገብቶ በረዶ ይጋገራል፤ ሞተሩም ዕረፍት ያጣል። የተጋገረው በረዶ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሣጥኑ ጠፍቶ በራሱ ይቅለጥ። በቢላዋ መፈንቀል ቧንቧውን መብሳት ነው፤ የተበሳ ቧንቧም ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ስድስተኛ፥ ለወደፊቱ ጥንቃቄ ይደረግ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል፤ በሩም አይከፈት። ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ይሰካ። ስታቢላይዘር የሚባለው የኃይል ማስተካከያ ከማቀዝቀዣው ጋር ቢገዛ ወጪው ከአንድ ቀን የክትባት ጥፋት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ክትባቱ በረዶ ከሚሠራው ክፍልና ከጀርባው ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ ባዶው ቦታ በውሃ ጠርሙሶች ይሞላ፤ ውሃው ሙቀቱንም ብርዱንም ቶሎ እንዳይለዋወጥ ያደርጋልና።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ መብራት ስለ ጠፋ ወይም ስለ ተመለሰ መዘውሩን ማንም አይንካው። ይህም በትልቅ ፊደል ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ለዘበኛውም በቃል ይነገረው።

ክፍል 6። ስለ ተጠረጠረው ክትባት

በዐይን በረዶ ሆኖ የተገኘ የፈሳሽ ክትባት ምርመራ አያስፈልገውም፤ ይወገድ። በረዶ ሆኖ ቀልጧል ተብሎ የተጠረጠረና የአሉሚኒየም ጨው ያለበት ግን በመወዝወዝ ይፈተናል። ከዚያው ዓይነት፥ ከዚያው ፋብሪካና ከዚያው የሥራ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ሆን ተብሎ በረዶ እስኪሆን ያድርና ይቅለጥ። ከዚያ ይህና የተጠረጠረው ባንድ እጅ ተይዘው በኃይል ተወዝውዘው በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ እስከ ግማሽ ሰዓትም ይታዩ። የተጠረጠረው ዝቃጩ ከዚያኛው እኩል ወይም ፈጥኖ ከወረደ ሞቷል፤ ይወገድ። ደመናው ቆይቶ ዝቃጩ እጅግ ዘግይቶ ከወረደ በረዶ አልነካውም። ይህ ፈተና ዘይት ላለበትና ደርቆ ለሚመጣው አይሆንም። ፍርዱም የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ትእዛዝ ከማንኛውም ጠቅላላ ትምህርት ይበልጣል።

ክፍል 7። የሹሙ ድርሻ

የወረዳ ሹም ሞተር መፍታት አይጠበቅበትም፤ ሦስት ነገር ግን ከእርሱ በቀር የሚያደርገው የለም።

አንደኛው፥ ቴርሞሜትሩ ጠዋትና ማታ ታይቶ በመዝገብ እንዲጻፍ ማዘዝ ነው። ቅዳሜም ቢሆን እሑድም ቢሆን በዓልም ቢሆን ተረኛ ይሰየም፤ መብራት በዓል አይቶ አይጠፋምና። ሹሙም ክሊኒኩን በጎበኘ ጊዜ አስቀድሞ ያንን መዝገብ ይጠይቅ። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ቢያገኝ፥ ጸሐፊው ቴርሞሜትሩን ሳያይ እንደሚጽፍ ይወቅ።

ሁለተኛው፥ ለጥገናና ለኃይል ማስተካከያ የሚሆነውን ገንዘብ በበጀት ማስያዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ጥቂቱን ወጪ የዘለለ ብዙውን ይከፍላል።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ጥፋቱን የሚናገረውን ሰው መጠበቅ ነው። ክትባቱ በረዶ ሆነ ብሎ የመጣን ሠራተኛ ሹሙ በቁጣ ቢያባርረውና ዋጋውን ከደመወዙ ቢቈርጥበት፥ ሌላው ሠራተኛ ይህን አይቶ ይማራል፤ የሚማረውም መጠንቀቅን ሳይሆን መሸሸግን ነው። በረዶውን አቅልጦ ዝም የሚለው ኃላፊ የሚፈጠረው እንዲህ ባለው ግቢ ነው። ስለዚህ በቅንነት የነገረ ይመስገን፤ ጥፋቱ ይመዝገብ፤ የተበላሸውም በምስክር ፊት ተቈጥሮ ይወገድ፤ ምትክም ይጠየቅ። ቅጣት ለሸሸገ ሰው ይቆይ።

አንድ ሣጥን ክትባት መጣሉ የሚታይ ኪሳራ ነው፤ ሹሙንም ያሳፍረው ይሆናል። የሞተ ክትባት መውጋት ግን የማይታይ ኪሳራ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ምንም ያላጠፋው ገበሬ ነው፤ የሚከፍለውም በበሬው ነው። ክፉውን ቀን ያሳለፈው ትውልድ ክትባት አጥቶ ከብቱን ቀበረ። የዛሬው ትውልድ ክትባቱን በእጁ ይዞ በአንድ መዘውር ምክንያት ከብቱን ቢቀብር ግን የሚያመካኝበት የለውም። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሹም ሁሉ በሚቀጥለው ጉብኝቱ የክሊኒኩን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ቴርሞሜትሩን ይመልከት፥ መዝገቡንም ይጠይቅ፥ ዘበኛውንም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቀው። የዘበኛው መልስ የወረዳው ክትባት በምን ሁኔታ እንዳለ ይገልጽለታል።